ለአበል ብለን ለአራት በአንድ ሞተር

ሞተር ላይ ለአራት እንደሚወጣ ያወቅሁት አያት ከሆንኩ በኋላ ነው። ከፊት ሞተረኛው፣ ከእሱ ኋላ ልጄ የመሥሪያ ቤቷን ቦርሳ ታቅፋ፣ ከእሷ ኋላ እኔ። አራተኛዋ የአራት ወር ሕፃን ናት፤ በልጄ ጀርባና በእኔ ደረት መሐል ተወሽቃለች።

«ማዘር፣ ጠጋ ይበሉ እንጂ! በእርስዎ ቦታ እኮ ሁለት ሰው እጭናለሁ» አለኝ ሞተረኛው።

«እኔ ዕቃ ነኝ?»

«ዕቃማ አይጮህም» አለና ሳቀብኝ።

ይህን የምጽፈው ተናድጄ ነው፤ እስካሁን አልበረደልኝም። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፣ ፊደሌም ይንጋደዳል። ግን በአፌ ስናገር ልጄ ታቋርጠኛለች፣ ወረቀት አያቋርጠኝም።

ልጄ እዚሁ ዲላ አንድ መሥሪያ ቤት ትሠራለች። ቡና ሲደርስ ወረዳ ለወረዳ እየዞሩ የገበሬውን ስም፣ የማሳውን ስፋት፣ ስንት ኪሎ እሸት ቡና ወደ ማጠቢያ እንዳስገባ ይመዘግባሉ። እሷ «ፊልድ» ትለዋለች፣ እኛ መስክ እንላለን። መስክ የወጣ ሰው አበል ይሰጠዋል። አበል ማለት ለመኝታና ለምግብ ተብሎ የሚሰጥ ገንዘብ ነው፤ እኔ ግን አበሉን ተኝቶበት በልቶበት የመጣ ሰው አላየሁም። ሁለት ሆነው ለአንድ አልጋ ይከፍላሉ። ምሳን በሻይና በዳቦ ያልፉታል። ዘመድ ያለው ዘመድ ጋ ያድራል። ደሞዝማ ለቤት ኪራይና ለዱቄት ነው፣ ሰውን ሰው የሚያደርገው አበል ነው ይባላል በእኛ ሰፈር። በአበል ላም የገዛ አውቃለሁ።

የእኔ ልጅ አበሉን የምትቆጥረው በቆርቆሮ ነበር። ባሏ አስተማሪ ነው። ከከተማው ዳር ቦታ አግኝተው ግድግዳ አቁመዋል፣ ጣራ ግን የለውም። ከመስክ በተመለሰች ቁጥር ቆርቆሮ ትገዛና እኔ ቤት ታስቀምጣለች። «እማዬ፣ ይህቺ ፊልድ አምስት ቆርቆሮ ናት» ትለኛለች። እኔም ደስ ይለኝ ነበር፤ መዋሸት አያስፈልግም። ስንቋን የማሰናዳው እኔ ነኝ። ቆጮ ሳምንት ቢቀመጥ አይበላሽም፤ ከአይብና ከሚጥሚጣ ጋር አስሬ «ሆቴል እንዳትገቢ» ብዬ ነበር የምሸኛት።

ከዚያ ወለደች። የወሊድ ፈቃዷ ያለቀው ቡናው ቀልቶ ሰው ሁሉ በሚሯሯጥበት ሰሞን ነው። ሕፃኗ ጡጦ አልይዝ አለች። ስንሰጣት እንደ ተቀየመ ሽማግሌ ፊቷን ታዞራለች። ልጄ ለኃላፊዋ ነገረችው። «ወይ ፊልዱን ተዪው፣ ወይ ልጅ የሚይዝልሽ ሰው ይዘሽ ሂጂ» አላት። መስክ ተወች ማለት ጣራ ተወች ማለት ነው። ሰው ይዛ ትሂድ ቢባል ደግሞ ሰውየው ማን ነው? እኔ ነኝ። ገበያ ላይ አቮካዶና ሙዝ የምሸጥባትን ቦታ ለጎረቤቴ አደራ ብዬ ተነሣሁ። አበሉ የአንድ ሰው ነው፣ አፉ የሦስት።

ፈሪ መሆኔን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ዲላ በሞተር ከተሞላች ወዲህ አስፋልት የምሻገረው የሰው ክንድ ይዤ ነው። ስለዚህ ገና ከቤት ሳንወጣ ጠየቅኋት፦ «የመሥሪያ ቤቱ መኪናስ?»

«ሞልቷል እማዬ።»

ሞልቷል አለችኝ። በሚኒባስ መስኩ እስካለበት እስከ ጨለለቅቱ ድረስ ኃላፊውን በሆዴ ስሰድበው ሄድኩ። አራስ ጥሎ ለራሱ በመኪና የሚሄድ ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው እያልኩ፣ እናቱንም ሳልተው።

ጨለለቅቱ የያዝነው አልጋ ለአንድ ሰው ነው። ሁለተኛ ሰው ካደረ ይጨመራል። ባለቤቷ ከታች ሱቅ ያላት ሻሽ ያሰረች ሴትዮ ናት፤ ከደጋ ለንግድ ከመጡ ሰዎች ወገን። በሩ ላይ ቆማ አየችን።

«እናትየው ያድራሉ እንዴ?»

«አይ፣ ሕፃኗን ሊጠይቁ መጥተው ነው» አለች ልጄ።

«ከየት መጥተው?»

እኔ በአንድ እጄ ቆጮ ያለበት ፌስታል፣ በትከሻዬ ብርድ ልብስ ይዤ ቆሜአለሁ። «ከዚሁ» አልኩ።

ሴትዮዋ ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ። «ከዚሁ ከሆኑማ ብርድ ልብሱ ለምኑ ነው?» አለችና ራሷ ሳቀች። «ይሁን፣ ግቡ፤ ለሕፃኗ ስል ነው። ወላሂ ግን ያ ቆጮ መስኮቱ ጋ ይቀመጥልኝ፣ ሽታው ሌላ እንግዳ ያሸሽብኛል።»

በዚህ ዕድሜዬ እንደ ሌባ ተደብቄ ልገባ! ፊቴ ተቃጠለ። ልጄ ግን ደረጃውን ስትወጣ ጎኔን ነካ አድርጋ «አየሽ? ጭማሪዋ ተረፈችልን» አለችኝ። ደስ ብሏታል። እኔ ያስተማርኳት ደስታ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ሬኮ የቡና ማጠቢያ መሄድ አለባት፤ የዚያ ቀን ምዝገባ እዚያ ነው። ዝናቡ አባርቷል፣ ጭቃው ግን የት ይሄዳል? ያ ቀይ ጭቃ ውሃ ሲነካው ሳሙና ነው። ያ ሞተረኛ የጫነን ያን ጊዜ ነው። ቁልቁለቱ ጋ ስንደርስ ዓይኔን ጨፍኜ በኢየሱስ ስም፣ በኢየሱስ ስም እላለሁ። ሞተረኛው «ማዘር፣ ለእኔም ጸልዩልኝ» ይለኛል።

ሞተሩ ተገለበጠ አልልም። እንደ ደከመው በሬ ቀስ ብሎ በጎኑ ተኛ። እኔ በጉልበቴና በክንዴ ጭቃው ውስጥ ነኝ። እጆቼ ግን ሕፃኗን ወደ ላይ ይዘዋታል፤ እኔ መች እንዳዘዝኳቸው አላውቅም። ከሰማይ በታች ተንጠልጥላ አነጠሰች። ሌላ ምንም አልሆነችም። ቀና ስል ልጄ ተነሥታለች። መጀመሪያ ያነሣችው ቦርሳውን ነው። ከፍታ የምዝገባ ቅጾቹ እንዳልራሱ አየች፣ ከዚያ ወደ እኛ ዞረች።

በኋላ «አንቺ እጅ ላይ ደህና መሆኗን አይቼ ነው» አለችኝ። ሊሆን ይችላል። እኔ ግን ያየሁት ቦርሳውን ስታነሣ ነው።

ሞተረኛው ሞተሩን ሊያቆም ሲታገል ከኋላችን መኪና መጣና ቆመ። ነጭ ፒካፕ ነው፣ የእነሱ መሥሪያ ቤት። ሾፌሩ ሽበት ያለው ሰው ነው፣ በመስኮት ወጥቶ ሊወድቅ ደረሰ።

«እናቴ! ምን ሆናችሁ?»

«ወደቅን።»

«ምን ሊያደርጋችሁ በሞተር! ይሄ የኋላ ወንበር ባዶ ነው እኮ!» በሩን ከፍቶ አሳየኝ። ወንበሩ ላይ አንድ ጃንጥላ ብቻ ነበር። «ትናንትም ከዲላ ስንነሣ ነይ ብያታለሁ፣ ‹በራሴ እሄዳለሁ› አለችኝ።»

ወደ ልጄ ዞርኩ። ጭቃውን ታያለች።

«ሞልቷል አላልሽኝም?»

«እማዬ፣ በኋላ እነግርሻለሁ።»

«አሁን ንገሪኝ።»

ተጠጋችና በጆሮዬ አንሾካሾከች። «በመሥሪያ ቤቱ መኪና የሄደ የትራንስፖርት ብር አይሰጠውም። በራሱ የሄደ ነው የሚሰጠው። ደርሶ መልሱ እኮ ሁለት ቆርቆሮ ነው።»

ሁለት ቆርቆሮ። የዚህችን ሕፃን ጭንቅላት፣ ገና አናቷ እንኳ ያልጠና፣ በሁለት ቆርቆሮ! ትናንት ቀኑን ሙሉ የማላውቀውን ሰው እናቱን ስሰድብ የዋልኩት በልጄ ውሸት ነው። ደሜ እስከ ጆሮዬ ወጣ። ሕፃኗን ይዤ ከነጭቃዬ መኪናው ውስጥ ገባሁ።

«ነይ ግቢ።»

«አልገባም። አንቺም ውረጂ እማዬ፣ በመኪና ሄደዋል ብለው ይመዘግባሉ።»

«ይመዝግቡኝ!»

«ልጅቷ ትራባለች እኮ!»

«እንግዲያው ጡትሽ በሞተር ይምጣ፣ ልጅቷ በመኪና ትሄዳለች!» ብዬ በሩን ዘጋሁት። ሾፌሩ ትንሽ ጠበቃት፤ አልመጣችም፣ ነዳው።

ኃላፊው ከፊት ተቀምጧል። ትናንት በሆዴ ያረጀ ሰው አድርጌው ነበር፣ ለካ ወጣት ነው። ዞር አለ።

«እናቴ፣ ይቅርታ፣ ሠራተኛ ያልሆነ ሰው መጫን ክልክል ነው። አንድ ነገር ቢደርስ እኔ ነኝ የምጠየቀው።»

«ሞተሩ ላይ ቢደርስስ ማን ይጠየቅ ነበር?»

«እኔ በሞተር ሂጂ አላልኳትም።»

«አላልክም። መኪናው ባዶውን ይሂድ፣ በራስሽ ከሄድሽ ግን ብር አለ ብለሃል።» በዕድሜ ልጄ ነው፣ አንተ አልኩት። «የተቸገረ ሰው ፊት ይህን አስቀምጠህ አላልኳትም ትላለህ?»

«መመሪያ ነው እናቴ።»

«መመሪያውን የጻፈው ሰውዬ ልጅ አዝሎ ያውቃል?»

ሾፌሩ ሳል አስመስሎ ሳቀ። ኃላፊው ወደ ፊት ዞሮ ስልኩን ማየት ጀመረ። ጭቃዬ ወንበሩን ሁሉ አበላሸው። አልቆጨኝም።

ማጠቢያው ጋ አወረዱን። የቡናው ገለፈት ሽታ አፍንጫ ይሰብራል፤ ሴቶች በማድረቂያ አልጋዎቹ ዙሪያ ቆመው የተበላሸውን ይለቅማሉ። ሕፃኗ መጀመሪያ እጇን ጠባች፣ ከዚያ ማልቀስ ጀመረች። እኔም በሩ ላይ ቆሜ መንገዱን አያለሁ። የሞተር ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ወደ መንገዱ እወጣለሁ። ይመጣል፣ የሌላ ሰው ነው። ሌላ ይመጣል፣ ጆንያ የጫነ ነው። ንዴቴ እየቀዘቀዘ በቦታው ፍርሃት ገባ። ምን አደረግሁ? የልጅ ልጄን ይዤ ልጄን ጭቃ ላይ ጥዬ መጣሁ። ያ ሞተር ሁለተኛ ቢተኛስ? ከእልኬ በቀር ማን አስገደደኝ?

ከለቃሚዎቹ አንዷ መጣች። «እናቴ፣ ስጪኝ ላጥባት፤ እኔም አራስ ነኝ» አለችኝ በአማርኛ። በጌዴኦኛ መለስኩላት፣ ፊቷ በራ። ሕፃኗን ሰጠኋት። ያቺ ጡጦ የምትጸየፍ ጉደኛ የሰው ጡት ላይ ዝም አለች! ሴትዮዋ የራሷን ልጅ ለእህቷ ትታ ነው የመጣችው፤ ሥራ ካቆመች የቀን ሒሳቧ ይቀርባታል። ጡቷን ሰጥታ ዓይኗ የሚያየው አለቃዋ ያለበትን በር ነው። ስንቱ ሕፃን ነው በዚህ ቡና ሰሞን እናቱ በሌለችበት የሚያለቅሰው? ይህንም ሳስብ እንደገና ተናደድኩ፤ በማን እንደሆነ ግን አላወቅሁም።

ልጄ የመጣችው በእግሯ ነው። ጫማዋን በእጇ ይዛለች፣ ጭቃው ጉልበቷ ደርሷል፣ ቦርሳው ደረቅ ነው።

«ሞተሩስ?»

«መለስኩት።»

«ፈርተሽ ነው?» አልኳት። ፈራሁ ብትለኝ አቅፌአት ነበር።

«አይ፣ ግማሹን ብር መለሰልኝ። የቀረውን በእግሬ ጨረስኩት።»

እውነቴን ነው የምለው፣ ልመታት እጄ ተነሣ። የወለደች ሴት ነችና አወረድኩት። «አብደሻል» አልኳት። «እኔ እዚህ በድን ሆኜ ቆሜ አንቺ መንገድ ላይ ትከራከሪያለሽ? ለብር ስትይ ልጅሽን ልትገይ?»

ሕፃኗን ተቀብላ ባዶ ጆንያ ላይ ተቀመጠች። ድምፅዋን ሳታነሣ ነው የመለሰችልኝ፤ ያ ነው ያመመኝ።

«ከማን ተማርኩት እማዬ? እኔን አዝለሽ በጭነት መኪና ላይ ከሐገረ ማርያም ዲላ የምትመላለሺው ማን ነበረች? ከላይ የወጣ ግማሽ ይከፍላል ብለሽ? ሠርጌ ላይ እንኳ ስታወሪው ሰው አጨበጨበልሽ። አንቺ ስታደርጊው ጀግና፣ እኔ ሳደርገው እብድ?»

እውነቷን ነው። ያን ታሪክ ያላወራሁበት ቦታ የለም። በቆሎና ሙዝ ስነግድ፣ ውስጥ የተቀመጠ ሙሉ ሒሳብ፣ ጆንያ ላይ የወጣ ግማሽ ነበር። ልጄን አዝዬ እወጣ ነበር። በዚያች ግማሽ ነው ያሳደግኋት፣ ያስተማርኳት። ይህን ስናገር ሰው «አንቺ ጠንካራ ሴት!» ይለኛል። ይጣፍጠኛል።

ግን ግማሹን ብቻ ነበር የማወራው። የቀረውን ያን ቀን፣ ከቆሸሸው ጆንያ አጠገብ ቆሜ ነገርኳት።

«አንድ ቀን ጎኔ እንደ እኔው ልጅ የያዘች ሴት ነበረች» አልኳት። «ነጠላዋን ልታስተካክል ‹እስቲ ያዥልኝ› ብላ ልጇን ሰጠችኝ። አንቺ ጀርባዬ ላይ ነሽ፣ የእሷ ልጅ ጭኔ ላይ። መኪናው ጉድጓድ ገባ። ቀና ስል ሴትየዋ የለችም።»

ልጄ ቀና ብላ አየችኝ።

«ሾፌሩ እስኪቆም ብዙ ሄድን። ተመልሰን ስናያት አልቆላት ነበር። ልጇ ምንም ሳያውቅ የአንገት ዶቃዬን ይጫወትበታል። ዘመድ ተፈልጎ እስኪገኝ እኔው ያዝኩት። ከዚያ ሰጠኋቸው።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ፣ በሚቀጥለው ሳምንት አንቺን አዝዬ እዚያው ላይ ወጣሁ። ግማሽ ነበራ።»

ፈሪ የሆንኩት ከዚያ ወዲህ ነው፤ ሰው ግን ሞተሩ ያመጣብኝ ይመስለዋል። ያን ጊዜ ግን ፈራሁ ብዬ መቅረት አልችልም ነበር፤ መፍራትም ገንዘብ ይጠይቃል፤ የፈራ ሙሉ ሒሳብ ይከፍላላ። ዛሬ ባዶ ወንበር በነጻ በሩን ከፍቶ ቆሞላት እያለ ነው ልጄ ሞተር ላይ የወጣችው። ንዴቴ እዚህ ላይ ነው። እኔን ችግር አስወጣኝ፣ እሷን የእኔ ወሬ አስወጣት።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ጀግና መባል ይጣፍጣል።»

ሕፃኗን ከአንዱ ጡት ወደ ሌላው አዞረቻት። ከዚያ ተነሥታ ቅጾቿን ይዛ ወደ ሥራዋ ሄደች። ማልቀሷን ከኋላዋ በትከሻዋ አወቅሁ፤ አልተከተልኳትም።

ሁለት ቀን በእግር በሚደርሱባቸው ሰፈሮች ሠራች፣ እኔም ከኋላዋ ሕፃኗን አዝዬ ዞርኩ። የምንነጋገረው የሚያስፈልገውን ብቻ ነው፤ ራባት፣ ተኛች፣ ውሃ አምጪ። በምንመለስበት ጠዋት ከማንም በፊት ሄጄ ፒካፑ የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ሾፌሩ «እናቴ፣ ገና አንድ ሰዓት አለን» አለኝ። «ግድ የለም፣ እጠብቃለሁ» አልኩት። ኃላፊው መጣ፣ አየኝ፣ ከፊት ገብቶ ተቀመጠ። መመሪያው እሱንም አድክሞት ይሆናል።

ልጄ መጨረሻ መጣች። በሩ ጋ ቆመች። ሚኒባሱ መንገዱ ማዶ ቆሞ ረዳቱ «ዲላ፣ ዲላ!» ይላል። ወደዚያ አየች። ወደ እኔ አየች። ገባች።

ኃላፊው ወረቀት ወደ ኋላ አቀበለ። «በመሥሪያ ቤቱ መኪና የተመለሰ ይፈርማል። የትራንስፖርቱ ይቀነሳል» አለ። ቀስ ብሎ ደግሞ፣ «የመሄጃሽ አይነካም» ብሎ ጨመረ።

ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ ዘረጋችው። እስክሪብቶውን ይዛ ቆየች።

«እማዬ…»

«አውቃለሁ።»

«አንድ ቆርቆሮ…»

«አውቃለሁ አልኩሽ። ፈርሚ።»

ፈረመች። መኪናው ተነሣ። ይርጋ ጨፌን እስክናልፍ ድረስ በመስኮት ውጭውን ብቻ አየች፣ እኔም በእኔ በኩል። ከዚያ ሳትዞር፣ በዚያ ከእኔ በወረሰችው እልከኛ ድምፅ፣

«በሚቀጥለው ፊልድ ግን አትመጪም። የባሌን እህት እወስዳለሁ» አለች።

«እመጣለሁ።»

«በመኪና እሄዳለሁ አልኩሽ እኮ።»

«መቼ አልሽኝ?»

«አሁን።»

«እንግዲያው መኪናው እስከሚነሣበት ድረስ እሸኝሻለሁ» አልኳት። «ስትገቢ በዓይኔ አይቼ እመለሳለሁ።»